አሊዩ አምባ፤ የዓርቡ ገበያና የኢንተርኔቱ ተርታ

ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ፣ የሸዋ ደጋ በገደል ተቈርጦ ወደ አፋር ቈላ ማሽቈልቈል በሚጀምርበት ስፍራ፣ በአንድ አምባ ራስ ላይ የሰፈረች አነስተኛ ከተማ አለች፤ ስሟም አሊዩ አምባ ይባላል። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው በንግድና በሽመና የታወቁት አርጎባዎች ናቸው። በዛሬው ካርታ ላይ ብዙ ቦታ የማትይዘው ይህች ከተማ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ይኸውም ከ1813 እስከ 1847 ባለው ጊዜ፣ የሸዋ መንግሥት ከባሕር ጋር የሚገናኝበት ዋና የንግድ በር ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ገበያዋ በየሳምንቱ ዓርብ ይቆም ነበር። ከታጁራ ወደብ የተነሣው ቅፍለት ከአንድ ወር በላይ ተጕዞ፣ የአፋርን በረሓ አቋርጦና አዋሽን ተሻግሮ ፋሬ ከምትባለው የቈላ ጠረፍ ይደርሳል። ግመል ከፋሬ ወዲህ ያለውን አቀበት ስለማይችለው፣ ዕቃው በዚያ ይራገፍና በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ አሊዩ አምባ ይወጣል። በሌላ በኩል ከሐረር የሚመጣው መንገድ ከዚሁ ይገጥማል፤ የሐረር ነጋዴዎችም በከተማይቱ ቤት ሠርተው ይቀመጡ ነበር። ከባሕር በኩል ጨርቅ፣ መዳብ፣ ጨሌና ጨው ይገባል፤ ከደጋው በኩል የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ እህልና ፈረስ ይወርዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር። አብዱል ረሱል በሚባለው ጎረቤት ስፍራ የባሪያ ገበያ ይቆም ስለ ነበር፣ የአሊዩ አምባ ብልጽግና ሲነገር ይህን ትቶ ማለፍ ታሪክን ማድላት ይሆናል።

ስለዚህች ገበያ ዛሬ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው በዚያ መንገድ ካለፉ እንግዶች ጽሑፍ ነው። ሚስዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፍ በ1839 ወደ ሸዋ ገቡ፤ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በዚያው ዓመት መጣ። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ከብዙ ጓዝና ስጦታ ጋር ደረሰ፤ በኖቬምበር ወርም ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። በ1842 ደግሞ ጆንስተን የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም በዚያው መንገድ መጥቶ፣ በትኩሳት እየታመመ በአሊዩ አምባ ለብዙ ሳምንታት ተቀመጠ። ሃሪስና ጆንስተን መጽሐፎቻቸውን ያሳተሙት በአንድ ዓመት፣ በ1844 ሲሆን፣ ሁለቱ ስለ ሸዋ በብዙ ነገር ባይስማሙም በአሊዩ አምባ ገበያ ትልቅነት ግን ልዩነት የላቸውም።

እንግዲህ መሐንዲስ የሆነ አንባቢ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ከተማይቱ ምን ነበራት? ወርቅ አይወጣባትም፤ ቤተ መንግሥቱ ያለው ከበላይዋ በአንኮበር ነው፤ ወደቡ ያለው ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ነው። የሚሸጠው ጨው ከሌላ ስፍራ የመጣ ነው፤ የሚሸምተውም ሰው እንዲሁ ከሌላ ስፍራ የመጣ ነው። ከሸማኔዎቿ ሥራ በቀር የራሷ የምትለው እጅግ ጥቂት ነበር። ታላቅ ያደረጋት በውስጧ ያለው ሳይሆን ወደ እርሷ የሚያመራው መንገድ ነው። የመንገዱም ብዛት ብቻ አይደለም፤ መንገዱ የሚነሣበት ስፍራ ክብደት ጭምር ነው። ከአንድ መንደር የሚመጣ የእግር መንገድና ከሐረር ከተማ የሚመጣ የቅፍለት መንገድ ሁለቱም መንገድ ይባላሉ፤ ነገር ግን እኩል አይመዝኑም።

ይኸው ጥያቄ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ በሌላ ስፍራ፣ በሌላ ልብስ ተነሣ። በ1990ዎቹ ዓመታት የኢንተርኔት ገጾች ቍጥር በሚሊዮን ሲቈጠር፣ አንድን ቃል ለሚፈልግ ሰው ከሺሕ ገጾች መካከል የትኛውን አስቀድሞ ማሳየት ይገባል የሚለው ጉዳይ የኮምፒዩተር ሊቃውንትን አስጨነቀ። በ1995 ሥራ የጀመረው አልታቪስታና በዘመኑ የነበሩት ሌሎች የፍለጋ ሞተሮች በይበልጥ የሚመዝኑት ገጹ ስለ ራሱ የሚናገረውን ነበር። የተፈለገው ቃል በገጹ ውስጥ ስንት ጊዜ ተጻፈ? በርእሱ ላይ አለን? ይህም ነጋዴ ስለ ጨዉ የሚናገረውን ሰምቶ ዋጋ እንደ መቍረጥ ያለ ነው። ወዲያውም አንዳንድ የገጽ ባለቤቶች አንዱን ቃል መቶ ጊዜ እየደጋገሙ፣ አንዳንዶችም በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም እየጻፉ፣ ሰው የማያየውን ለመሣሪያው አሳዩ።

መፍትሔው የተገኘው ከቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1955 ባወጣው ጽሑፍ፣ የሳይንስ ጽሑፎች እርስ በርስ የሚጠቃቀሱበትን ማውጫ ማዘጋጀት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር፤ ማውጫውም በ1964 መታተም ጀመረ። አንድ ጽሑፍ በሌሎች የተጠቀሰበት መጠን የተፈላጊነቱ ምልክት ይሆናል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ይህንኑ ሐሳብ ወደ ኢንተርኔት አሻገሩት። ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስደውን ሊንክ የሚባለውን ማገናኛ እንደ ጥቅስ ቈጠሩት። ስሌቱንም ከፔጅ ስም ወስደው ፔጅራንክ አሉት፤ በ1998 ስለ ሥራቸው ጽሑፍ አወጡ፤ በዚያው ዓመትም ጉግል የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። በተመሳሳይ ጊዜ ጆን ክላይንበርግ የተባለ ሊቅ ጥሩ ገጾችን የሚጠቁሙትንና ብዙዎች የሚጠቁሟቸውን ለይቶ የሚመዝን ሌላ ስሌት አቅርቧል። ነገር ግን ዓለምን የገዛው የፊተኛው ነው።

የፔጅራንክ አሠራር ለሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር የመጣ እንግዳ በፋሬ ይገታ ነበር። የምሥራቁ ጠረፍ ገዥ ወላስማ ሙሐመድ ሳይፈቅድ፣ ከንጉሡም ቃል ሳይመጣ ወደ ደጋ የሚወጣ የለም፤ ሐኪሙ ጆንስተንም በዚህ ምክንያት በዚያ ታግቶ ቈይቷል። እንግዳው ስለ ራሱ የሚያወራው አያሳልፈውም፤ የሚጠየቀው ማን እንደሚያውቀው ነው። ዋስ ሲጠራም የዋሱ ማንነት ይመረመራል፤ የታወቀ ሰው ዋስ ሲሆን አንዱ ይበቃል። ደግሞም ለመጣው ሁሉ ዋስ የሚሆን ሰው ዋስትናው ይረክሳል። ፔጅራንክ የሚለው ይህንኑ ነው። የአንድ ገጽ ክብደት ወደ እርሱ ከሚያመለክቱት ገጾች ክብደት ይመጣል፤ እያንዳንዱ አመልካች ገጽ ግን ያለውን ክብደት ለሚያመለክታቸው ሁሉ አካፍሎ ስለሚሰጥ፣ ለሁለት የሚያካፍልና ለሁለት መቶ የሚያካፍል እኩል አይጠቅሙም።

ስሌቱን በአንድ መንገደኛ መስሎ ማስረዳት ይቻላል። መንገደኛው በየደረሰበት ስፍራ ካሉት መንገዶች አንዱን በዕጣ መርጦ ይሄዳል። ከመቶ 85 ጊዜ እንዲህ መንገድ ይከተላል፤ ከመቶ 15 ጊዜ ግን መንገድ መከተሉን ትቶ ወደ ማንኛውም ስፍራ እንደ ዕድሉ ይዘላል። ይህ ሰው ሳያቋርጥ ቢዞር በየስፍራው የሚገኝበት ጊዜ ድርሻ የዚያ ስፍራ ደረጃ ነው። የመዝለሉ ነገር ለጨዋታ የገባ አይደለም፤ እርሱ ባይኖር መውጫ የሌለው ስፍራ የገባ መንገደኛ በዚያው ይቀራል፤ ስሌቱም በአንዳንድ መረብ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ይኖራል እንጂ አይረጋም።

አሁን ወደ አሊዩ አምባ እንመለስና አራት ስፍራዎችን ብቻ እንውሰድ፤ ታጁራ፣ ሐረር፣ አንኮበርና አሊዩ አምባ። ሦስቱ እያንዳንዳቸው ከአሊዩ አምባ ጋር ብቻ በመንገድ ይገናኛሉ እንበል። እውነተኛው የንግድ ካርታ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ እንደ ነበረ ግልጽ ነው፤ ምሳሌው ግን ለማስረዳት ይበቃል። ስሌቱ ሲሠራ አሊዩ አምባ ከመቶ 48 እጅ ትይዛለች፤ ታጁራ፣ ሐረርና አንኮበር እያንዳንዳቸው 17 ያህል ይደርሳቸዋል። ቤተ መንግሥቱ ያለባት አንኮበር ከገበያዋ በታች መሆኗ አንባቢን አያስደንቅ። ስሌቱ የሚለካው የመንገድን ነገር እንጂ የዙፋንን ነገር አይደለም።

ከዚያም መንገዱ ዞረ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየው የአንድ ነጋዴ ጕዞ ነው። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ፣ ቅኔውን በወጣትነቱ ትቶ ንግድ የጀመረው ሰው፣ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ በኦክቶበር 1886 ከታጁራ ተነሣ። የተከተለው መንገድ አባቶች የሚያውቁት የድሮው መንገድ ነበር። በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ በዚያ የሉም። በጃንዋሪ ወር ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል፤ መቀመጫቸውንም ወደ እንጦጦ አዛውረዋል፤ ከእንጦጦ ግርጌም አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው። ራምቦ ጠመንጃውን ይዞ ወደ እንጦጦ ሄደ፤ በዚያም ከሒሳቡ ሳይተርፈው ሸጠ። ሲመለስ ግን በመጣበት አልተመለሰም። በሜይ ወር ከአገሩ ሰው ከዡል ቦረሊ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ በአንዱ መንገድ ገብቶ በሌላው መውጣቱ የመንገዱ መዞር በዓይን የታየበት አጋጣሚ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው በፍጥነት ሊነገር ይችላል። የባቡር ሐዲዱ ውል በ1894 ተሰጠ፤ ሐዲዱ በ1902 ከጅቡቲ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ደሴ የተሠራው የመኪና መንገድም በደብረ ብርሃን አልፎ የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ ሲያቋርጥ አንኮበርን በስተ ቀኝ ትቷት ሄደ።

በምሳሌው ላይ አዲስ አበባን እንጨምርና ስሌቱን እንደገና እንሥራ። አዲስ አበባ ከባሕሩ በር ከጅቡቲ፣ ከሐረርና ከአንኮበር ጋር ትገናኛለች፤ አሊዩ አምባ የቀራት ከአንኮበር ጋር ያላት መንገድ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከመቶ 36፣ አንኮበር 25፣ ሐረርና ጅቡቲ እያንዳንዳቸው 13 ይይዛሉ። አሊዩ አምባም ከ48 ወደ 13 ትወርዳለች። በከተማይቱ ውስጥ አንድም ነገር አልተለወጠም፤ ሸማኔው አልሰነፈም፤ ነጋዴው አልታለለም፤ ገበያው ሲቆም በነበረበት ቀን ቢቆምም ለውጥ የለውም። የተለወጠው ሁሉ የተለወጠው በሌላ ስፍራ ነው። ድረ ገጽ ያላቸው ብዙ ድርጅቶች ከዕለታት አንድ ቀን ገጻቸው ከፍለጋ ሞተሩ የፊት ተርታ ወደ ኋላ ሲወድቅ፣ ምን አጠፋን ብለው ጽሑፋቸውን የሚያገላብጡት ይህን ባለማወቅ ነው።

ራምቦ አንኮበር ላይ የገጠመው ነገር በድረ ገጽ ሥራ ውስጥ ስም አለው። አድራሻ ሲለወጥ በአሮጌው አድራሻ ላይ፣ ባለቤቱ ለዘለቄታው ወደዚህ ስፍራ ተዛውሯል የሚል ምልክት ይተከላል፤ በቍጥር 301 የሚባለው መልስ ይህ ነው። ምልክቱ ካለ መንገደኛው ይደርሳል፤ ወደ አሮጌው አድራሻ ያመለክቱ የነበሩት ማገናኛዎች ክብደትም ወደ አዲሱ ይሻገራል። ምልክቱ ከሌለ ግን የዓመታት ማገናኛ ሁሉ በባዶ ቤት ደጅ ይቀራል። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ስማቸው በተለወጠና በተዋሐዱ ቍጥር አዲስ ድረ ገጽ ተከፍቶ አሮጌው ያለ ምልክት ሲዘጋ ይታያል። በዚህም ጊዜ የሚጠፋው ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ሌሎች ለዓመታት የሰጡት ምስክርነት ጭምር ነው።

ደረጃ ከማገናኛ የሚገኝ መሆኑ በታወቀ ጊዜ ማገናኛ ራሱ ሸቀጥ ሆነ። ጉግል ከ2000 ጀምሮ የየገጹን ደረጃ ከዜሮ እስከ ዐሥር በሚደርስ ቍጥር ለተመልካች ሁሉ ያሳይ ነበር። ይህን ማድረጉ ስሕተት ነበር ማለት ይቻላል፤ ቍጥሩ ለአየር ላይ ገበያ ሚዛን ሆኖ አገልግሏልና። ደረጃው ሰባት ከሆነ ገጽ የሚገኝ ማገናኛ ደረጃው ሦስት ከሆነው ይልቅ በብዙ እጥፍ ይሸጥ ጀመር። አንተ ወደ እኔ አመልክት፣ እኔም ወደ አንተ አመለክታለሁ የሚል ልውውጥ ተስፋፋ፤ ሰው የማያነባቸው፣ ማገናኛ ለመስጠት ብቻ የተፈበረኩ በሺሕ የሚቈጠሩ ገጾችም ተከፈቱ። ይህ የቍጥር ማሳያ በ2016 ተወገደ።

እንዲህ ያለው ማጭበርበር ለምን እንደሚሠራ በዚሁ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በአሊዩ አምባ ዙሪያ ሰው የማይኖርባቸው ዐሥር የሐሰት መንደሮች በካርታ ላይ ይጨመሩ እንበል፤ ከእያንዳንዱም አንዳንድ መንገድ ወደ አሊዩ አምባ ብቻ ይሣል። መንገደኛው ከመቶ 15 ጊዜ ወደ ማንኛውም ስፍራ ስለሚዘል ወደ እነዚህም ባዶ መንደሮች ይደርሳል፤ ከዚያም የሚወጣበት መንገድ ወደ አሊዩ አምባ የሚወስደው ብቻ ነው። ስሌቱ ሲሠራ አሊዩ አምባ ከ13 ወደ 21 ትወጣለች። አዲስ አበባና አንኮበር ከመቶ 26 ያህል ይይዛሉ፤ ሐረርና ጅቡቲ ግን ከ13 ወደ 9 ይወርዳሉ። ሐረር ምንም ሳታጠፋ ዐሥር ባዶ መንደሮች ከተፈጠሩላት ከተማ በታች ሆነች። ማገናኛ መግዛትን ማንንም እንደማይጎዳ ብልጠት አድርገው ለሚመለከቱ ሰዎች ይህ ቍጥር መልስ ይሆናል፤ ድርሻው ከመቶ ስለ ሆነ አንዱ ያለ አግባብ ያገኘውን ሌላው ያጣዋል።

የፍለጋ ሞተሮቹም ዝም ብለው አላዩም። በ2005 መጀመሪያ ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት በአንድ ምልክት ተስማሙ፤ አንድ የገጽ ባለቤት ማገናኛ ሰጥቶ ምስክርነት መስጠት ካልፈለገ፣ ኖፎሎው የሚል ቃል በማገናኛው ውስጥ ያገባል። ይህም፣ መንገዱን ማሳየቴ ነው እንጂ ዋስ መሆኔ አይደለም እንደ ማለት ነው። በ2019 ለተከፈለባቸው ማገናኛዎች የተለየ ምልክት ተጨመረ። ከሁሉ የከበደው እርምጃ ግን በኤፕሪል 2012 የወጣው፣ ፔንግዊን የተባለው ለውጥ ነበር፤ በተገዙና በተፈበረኩ ማገናኛዎች ከፍ ብለው የነበሩ እጅግ ብዙ ገጾች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከፊት ተርታ ጠፉ። አንዳንዶቹ ራሳቸው ገንዘብ ከፍለው ያስተከሉትን ማገናኛ ለማስነቀል እንደገና መክፈል ግድ ሆነባቸው። ዛሬ የፍለጋ ሞተሮች ከማገናኛ ሌላ ብዙ ነገር ይመዝናሉ፤ ማገናኛ ግን ከሚዛኑ አልወጣም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ከአእምሮ መራቅ የለበትም። ደረጃ የመልካምነት ሚዛን አይደለም። በ1840ዎቹ ወደ አሊዩ አምባ የሚያመራው መንገድ ክብደት ያገኘው በከፊል በአብዱል ረሱል በሚሸጡት ሰዎች ነው፤ ስሌቱ ግን ጨውንና ሰውን አይለይም። የፍለጋ ሞተርም ብዙዎች የሚያመለክቱትን ያሳያል እንጂ እውነት የሆነውን መርምሮ አይፈርድም።

የእኛ አገር ጽሑፍ ወደዚህ ገበያ የገባው ዘግይቶና ተሰናክሎ ነው። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በ1997 ነበር። በዚያን ጊዜ የአማርኛ ገጾች የሚጻፉት እርስ በርስ በማይግባቡ ልዩ ልዩ የፊደል አቀማመጦች ስለ ነበረ፣ የአንዱን ገጽ በሌላው ፊደል ለከፈተው ሰው ትርጕም የሌለው ምልክት ይታየዋል። አንዳንዱም ጽሑፉን እንደ ሥዕል ያስቀምጠው ነበር። ለፍለጋ ሞተር እነዚህ ሁሉ የተዘጋ በር ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ችግሩ ከሥሩ ተፈታ፤ ሆኖም አሮጌዎቹ ገጾች በብዛት ሳይለወጡ ቀሩ።

የቀረው ችግር የስም አጻጻፍ ነው። አሊዩ አምባ፣ አልዩ አምባ፣ አልዮ አምባ እየተባለ ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ደግሞ የድሮዎቹ ተጓዦች እያንዳንዳቸው ጆሯቸው እንደ ሰማው ጽፈውታል። በሀና በሐ፣ በሰና በሠ፣ በአና በዐ፣ በጸና በፀ የሚመጣው ልዩነት ሲጨመርበት አንዱ ስፍራ ብዙ ስፍራ ይመስላል። ለአንባቢ ይህ የጣዕም ጕዳይ ነው። ለመሣሪያ ግን ስሞቹን የሚያስተባብርለት ነገር ካላገኘ ለአንዲት ከተማ የተሰጠው ምስክርነት ለአምስት ተከፍሎ ለአምስቱም የማይበቃ ይሆናል። የሚበጀውም ቀላል ነው። አንዱን አጻጻፍ መርጦ ለገጹ ርእስ ማድረግ፣ ሌሎቹን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ መጥቀስ፣ ማገናኛ በሚሰጥበትም ጊዜ «እዚህ ይጫኑ» ከማለት ይልቅ የስፍራውን ስም በማገናኛው ላይ መጻፍ ነው፤ የፍለጋ ሞተር ማገናኛው የተጻፈበትን ቃል ስለ መድረሻው እንደ ተነገረ ቃል ይወስደዋልና። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም። በአሠራር ልማድ ምክንያት ብቻ የቀረ ነገር ነው።

አሊዩ አምባ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስሟ የቈየውም በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው። የሃሪስና የጆንስተን መጻሕፍት፣ የክራፍና የኢዘንበርግም ማስታወሻ ለብዙ ዘመን በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡ በኋላ፣ በ1968 የሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ታሪክና የሞርደካይ አቢር የዘመነ መሳፍንት ታሪክ በታተሙ ጊዜ እንደገና ተጠቀሱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሸዋ ንግድ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ሁለቱን ይጠቅሳል፤ ሁለቱም ወደ 1844ቱ መጻሕፍት ያመለክታሉ። ገበያውን ያቆሙት የአርጎባና የሐረር ነጋዴዎች የራሳቸው ቃል ግን በዚህ ሰንሰለት ውስጥ እምብዛም የለም። የሚታወሰው የሆነው ሳይሆን የተጠቀሰው ነው ቢባል ለዚህች ከተማ ከእውነት የራቀ አይሆንም።

አንድ የመጨረሻ ስሌት ይቀራል። ዐሥሩን የሐሰት መንደሮች እንፋቃቸውና በምትካቸው አንድ እውነተኛ መንገድ ብቻ እንመልስ፤ ይኸውም በድሮ ዘመን ከሐረር ወደ አሊዩ አምባ ይመጣ የነበረውን። በድረ ገጽ ቋንቋ ይህ ስለ ሐረር ንግድ የሚጽፍ ገጽ ስለ አሊዩ አምባ ወደሚጽፍ ገጽ ማመልከቱ፣ ያኛውም መልሶ ማመልከቱ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ታሪክ ስላለ ማገናኛው አንባቢውን የትም አያሳስተውም። አዲስ አበባ ከመቶ 29 ትይዛለች፤ ጅቡቲ 11 ይደርሳታል፤ አንኮበር ወደ 20 ትወርዳለች። አሊዩ አምባ ከ13 ወደ 20 ትወጣለች፤ ይህም ዐሥሩ ባዶ መንደሮች ከሰጧት በአንድ ብቻ ያነሰ ነው። በሐሰተኞቹ መንደሮች ወደ 9 ወርዳ የነበረችው ሐረር ደግሞ በዚህኛው 20 ታገኛለች።